አልዌሮ ዳር ሆኜ የሰማሁት የበረዶ ወሬ

ባለፈው ሳምንት ስለ ደም ግፊት መድኃኒት አወሳሰድ የጀመርኩትን ዛሬ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ፤ ቃሌን አልጠበቅኩም። ይህን የምጽፍላችሁ ከጋምቤላ ነው። የድሮ የሥራ ባልደረባዬ እህቱ ሞታበት ለቅሶ ልደርስ መጥቼ፣ ያላሰብኩት ነገር አጋጠመኝና እሱን ሳልነግራችሁ ወደ ሌላ ጉዳይ መሄድ አልሆነልኝም።

ጋምቤላ በጥር ወር ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጦም ላብ በጀርባ ይወርዳል። ወዳጄ ቤቱ አልዌሮ ግድብ አጠገብ ነው፤ ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ አቦቦ ወረዳ ውስጥ። ግድቡ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እገዛ ለመስኖ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከ10,000 ሄክታር በላይ መሬት ያለማል ተብሎ ሲታሰብ እኛ በአካባቢው ወጣት ሠራተኞች ነበርን። እኔ ከነርስ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ገና ጥቂት ዓመቴ፤ እሱ ደግሞ ጤና ረዳት፣ የአኝዋክ ልጅ፣ አስተርጓሚዬም መንገድ መሪዬም። በዘመኑ ወግ "ጓድ ሲስተር" ይለኝ ነበር። ዛሬም እኔ ጡረታ ወጥቼ፣ እሱ የልጅ ልጆች አይቶ፣ ከጓድ ሲስተርነት አልሻረኝም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ወደ ማታ ግድቡ ዳር ወስዶ አስቀመጠኝ። አሳ አጥማጆች መረባቸውን ሲያወጡ ቆሮሶና አምባዛ እያየን እናወራለን። የምጠጣውን ውሃ በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልሎ ነው የሰጠኝ፤ በዚህ አካባቢ በተለይም በአቦቦና በጎግ ወረዳዎች የጊኒ ዎርም ነገር ገና ስላላለቀ፣ የጤና ሰው ሆኖ ኩሬ ውሃ ሳያጠልል የሚጠጣ የለም። ጨርቁን ሲያራግፍ ነው ስልኩ የጠራው። ልጁ ነው፣ ከሚኒሶታ።

ሚኒሶታ ብዙ አኝዋኮች የሚኖሩባት የአሜሪካ ክፍለ ሀገር ናት። ልጁ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። የአባቱ ልጅ ነውና አሳ ማጥመድ አልተወም። እዚያ ግን በክረምት ሐይቁ አንድ ክንድ ያህል ይረጋና ሰው በላዩ በእግሩ ይሄዳል፣ መኪናም ይነዳበታል። በመሰርሰሪያ ይበሱታል፣ በጉድጓዱ መንጠቆ ያወርዳሉ። አባትየው ይህን መጀመሪያ ሲሰማ ልጄ ቀልደኛ ሆነ ብሎ ነበር። ዘንድሮ ልጁ ካምፐር የሚሉትን፣ መኪና የሚጎትተውን ቤት በሁለተኛ እጅ ገዛ። ውስጡ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ መጸዳጃ ቤት ሁሉ አለው። ቤተሰቡን ጭኖ ሐይቅ ዳር ሊያድር ሄደ።

በእኛ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ በእነሱ ገና ጠዋት ሁለት ሰዓት። በቪዲዮ ነው የደወለው። አባትየው ስልኩን ወደ ግድቡ አዙሮ ውሃውን አሳየው፣ እሱ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ነጩን ሐይቅ አሳየን። ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ነው አለ። እኛ ጋ 38 ሳይሆን አይቀርም። ሳቅን። ከዚያ ስልኩ ለእኔ ተሰጠኝ።

"ሲስተር፣ እንዴት ነዎት? እኛ ደህና ነን፤ ቧንቧው ብቻ ረግቶ አስቸገረን።"

ሌሊት ጋዝ ለመቆጠብ ብሎ ማሞቂያውን አጥፍቶ ተኝተዋል። ሲነጋ ከቧንቧው ጠብ የሚል ውሃ የለም። ረግቷል። እናም ከንጋት ጀምሮ የጋዙን ምድጃ ሁለት ዓይን ለኩሶ፣ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ከፍቶ፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ በሩንና የአየር መግቢያዎቹን በፎጣ ጠቅጥቆ መስመሩ እስኪሟሟ እየጠበቀ ነው።

ባለቤቱ የት እንዳለች ጠየቅኩት። "ራሷን ትንሽ አሟት ተኝታለች" አለኝ።

"ልጆቹስ?"

"ትልቁ ተኝቷል። ትንሿ አስመለሳት። የትናንቱ አሳ ይመስለኛል።"

"አንተስ?"

"እኔም ራሴን ይወጋኛል፤ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው።"

እዚህ ላይ ነው ከተቀመጥኩበት የተነሣሁት። አንድ ሰው ራሱን ቢያመው ብዙ ምክንያት አለው። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጠዋት ራሳቸውን ሲያማቸውና ሲያስመልሳቸው፣ ያውም እሳት እየነደደ በር ተዘግቶ፣ አሳውን አልጠረጥርም። ጣሪያ ሥር ማንቂያ የለችም ወይ ብለው፣ ነበረች፣ ሌሊት ደጋግማ ስትጮህ ሕፃናቱን እንዳትቀሰቅስ ባትሪዋን አወጣሁት አለኝ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የተናገርኩት፤ አሳ አጥማጆቹ ዘወር ብለው አዩኝ። "ምድጃውን አጥፋ፣ በሩን ክፈት፣ ሚስትህንና ልጆቹን አሁኑኑ ወደ ውጭ አውጣ። ብርድ ልብስ ጠቅልልባቸው እንጂ ልብስ ልቀይር አትበል። የተኛውን ቀስቅሰው። ከዚያ 911 ደውል።" ብርዱን ሊነግረኝ ጀመረ። ብርዱን አውቄዋለሁ፤ መኪናህ ውስጥ ግቡ፣ መኪናው ግን ሜዳ ላይ ይቁም፣ የጭስ ማውጫው በበረዶ እንዳይደፈን እይ አልኩት። ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሃምሳ ደቂቃ እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም። ወዳጄ አንዲት ቃል አልተናገረም። ጨርቁን አጥፎ፣ ዘርግቶ፣ መልሶ አጠፈው። ፀሐይ ግድቡ ላይ ጠለቀች። ኔትወርኩ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ትልቁ ልጅ በእርግጥ ተኝቶ ነው ወይስ ራሱን ስቶ ብዬ ሳልጠይቀው መቅረቴን እያሰብኩ ተንቆራጠጥኩ።

ደወለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው አየሩን በመሣሪያ ለክተው ከካምፐሩ እንዲርቁ አድርገዋቸዋል። ልጁን ቀስቅሶ ሲያወጣው እግሩ ይተሳሰር ነበር። አራቱም ሆስፒታል ገብተው ኦክስጅን ተሰጣቸው፤ ማታውኑ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እግዚአብሔር ይመስገን።

የቧንቧው ነገር ይቆየንና መጀመሪያ ይህን ጉዳይ ላንሳው። ከሰል፣ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ እንጨት፣ ማንኛውም የሚነድ ነገር በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ግራ መጋባት፤ ከዚያ እንቅልፍ የሚመስል ነገር። ሕፃናትና እርጉዞች ቶሎ ይጎዳሉ። ደግሞ ከኮሮና ወዲህ በየቤቱ የገባችው ጣት ላይ የምትደረገው የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ላይ ታታልላለች፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን የያዘ አስመስላ ጥሩ ቁጥር ታሳያለች። እሷን አይቶ ደህና ነኝ ብሎ መቀመጥ አይገባም።

እኛ ይህን በሽታ በከሰል ነው የምናውቀው። ክረምት ላይ፣ ወይም በጥምቀት ሰሞን ብርዱ ሲጠና፣ ምድጃውን ከነፍሙ መኝታ ቤት አስገብቶ በሩን ዘግቶ የተኛ ሰው ጠዋት የማይነሣበትን ታሪክ ያልሰማ አንባቢ የለኝም። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ሆነው የመጡ ባልና ሚስት ተቀብዬ አውቃለሁ፤ ጎረቤት ቡዳ ነው ብሎ ጠበል ሊወስዳቸው ሲል ነበር የደረስንባቸው። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ደግሞ ከሰሉን ትተውት ሄደዋል ብለን እናስባለን። አልተዉትም። ቡና ሲያፈሉ፣ ዕጣን ሲያጨሱ ከሰሏ አለች፤ እዚያ ያለው ቤት ደግሞ ነፋስ እንዳያስገባ ተደርጎ የታሸገ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በብርድ ተመትታ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሥተው፣ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥለው ለመሞቅ የሞከሩ ብዙ ቤተሰቦች በዚህ ጋዝ ተመርዘዋል። ከሞቱት መካከል የእኛ አገር ሰዎችም ነበሩ። ልጅ፣ እህት፣ ወንድም ውጭ ያላችሁ ይህን አንቀጽ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩላቸው።

አሁን ወደ ቧንቧው። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ አይደለሁም። ነገር ግን ወደ ጋምቤላ ከተማ ከተመለስኩ በኋላ ከዚያ ልጅ ጋር ሦስት ምሽት ተደዋውለናል፤ እሱ ከጎረቤቶቹና ካምፐሩን ከሸጠለት ሰውዬ የሰማውን ሲነግረኝ እኔም እየጠየቅኩ ጻፍኩት። ብዙዎቻችሁ "እኔን ካምፐር ምን አገባኝ" እንደምትሉ አውቃለሁ። ታገሡኝ፣ ወደ ደብረ ብርሃንም እመጣለሁ።

ውሃ ሲረጋ መጠኑ ዘጠኝ በመቶ ያህል ይጨምራል። ቢራ ፍሪዘር ውስጥ ረስቶ ጠርሙስ ያፈነዳ ሰው ያውቀዋል። ካምፐር ውስጥ ያለው መስመር ቀጭን ነው፤ ከወለሉ ሥር፣ ከግድግዳው ጀርባ፣ ብርድ በሚመታው በኩል ይሄዳል። ውሃው ሲረጋ መሄጃ ያጣና መገጣጠሚያውን፣ ፓምፑን ወይም የውሃ ማሞቂያውን ጋን ይሰነጥቃል። ክፋቱ ሲሰነጥቅ አለመታወቁ ነው። በረዶው ራሱ ስንጥቁን እንደ ውታፍ ይዞት ይቆያል። ሲሟሟ ነው ቤቱ በውሃ የሚሞላው። የወዳጄ ልጅም እንዲሁ ሆነበት፤ ቤተሰቡ ሆስፒታል ሳለ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ወጣችና ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው ክርን ለሁለት ተከፍሎ ወለሉ ራሰ፣ ማታ መልሶ ረጋ።

የሚያዋጣው ብርድ ከመምጣቱ በፊት መስመሩን ባዶ ማድረግ ነው። ውሃ የሌለበት ቧንቧ አይፈነዳም። የንጹሕ ውሃ ታንከሩ ይከፈትና ይፈስሳል፤ ከታች በኩል ዝቅተኛው ቦታ ላይ ያሉት መክፈቻዎች ይከፈታሉ፤ ቧንቧዎቹ ሁሉ፣ የሙቁም የቀዝቃዛውም፣ የውጪዋ ገላ መታጠቢያ ሳትቀር፣ ተከፍተው ይተዋሉ። የውሃ ማሞቂያው ጋን ከመከፈቱ በፊት ጠፍቶ መቀዝቀዝና ግፊቱ መውጣት አለበት፤ ትኩሱን የከፈተ ሰው ፊቱን ይጠበሳል፣ ይህን ደግሞ እንደ ነርስ ነው የምላችሁ። ከዚያ የቀረችውን ውሃ ጎሚስታ ጎማ በሚነፋበት ዓይነት ኮምፕሬሰር፣ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ በአንድ ቧንቧ እየከፈቱ ማስወጣት ይቻላል። ግፊቱ ከበዛ ብርዱ ያላፈነዳውን አንተው ታፈነዳዋለህ አለኝ ልጁ እየሳቀ።

ከዚህም በኋላ በየጎድጓዳው የምትቀር ውሃ አለች። እሷን ለማሸነፍ አንቲፍሪዝ ይጨመራል፤ የማሞቂያው ጋን በመቀየሪያው ተዘግቶ፣ አንቲፍሪዙ በፓምፑ ተስቦ፣ እያንዳንዱ ቧንቧ ሮዝ ፈሳሽ እስኪያወጣ ድረስ። መጸዳጃውና የወለል ማፍሰሻዎቹም ጥቂት ጥቂት ይጨመርባቸዋል።

ሮዝ ያልኩትን ልብ በሉ። እዚህ ላይ ልጁን ደግሜ ደጋግሜ ነው የጠየቅኩት። ለካምፐር የመጠጥ ውሃ መስመር የሚሸጠው ከፕሮፒሊን ግላይኮል የሚሠራው ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ለዚሁ አገልግሎት መሆኑ ተጽፎበታል። ለመኪና ራዲያተር የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል ነው፤ መርዝ ነው። ጣፋጭ መሆኑ ደግሞ የባሰ ነው፣ ሕፃንም ውሻም ይወደዋል። ጥቂቱ ብቻ ኩላሊት ያበላሻል፣ ይገድላልም። ቀለሙን ብቻ ማመንም አይገባም፤ የመኪናውም በብዙ ቀለም ስለሚመጣ ጽሑፉን ማንበብ ነው። ይህ ጉዳይ አገር ቤትም ይመለከታል። የአንቲፍሪዝ ጀሪካን አጥቦ ውሃ ወይም ዘይት የሚይዝበት ቤት አይቻለሁ። ባለቤቲቱ ሦስቴ በሳሙና አጥቤዋለሁ አለችኝ። ጣይው አልኳት፤ መጣሏን እንጃ።

ሰው ውስጡ እያደረ ክረምቱን ማሳለፍ ከፈለገ ነገሩ ሌላ ነው። ማሞቂያው ሌሊት አይጠፋም። የካምፐሩ የራሱ ማሞቂያ ትኩስ አየሩን ከወለሉ ሥር በኩል ስለሚያዞረው ቧንቧዎቹንም ያሞቃል፤ ጥግ ላይ የምትቀመጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግን ሰውን እንጂ መስመሩን አታሞቅም። የካምፐሩ ሆድ ሥር ነፋስ እንዳይገባ ዙሪያውን በሸራ ወይም በሰሌዳ ይከለላል። ከውጭ ውሃ የሚያመጣው ጎማ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሽቦ ካልተጠመጠመበት ታንከሩን ሞልቶ ነቅሎ ማስቀመጥ ይሻላል። የቆሻሻው መክፈቻ ተዘግቶ ይቆይና ሲሞላ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ክፍት ሆኖ ጠብ ጠብ ካለ እዚያው እየተደራረበ ይረጋል። የእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው ቁም ሳጥንም ሌሊት ክፍት ይተዋል፤ በዚህች ብቻ ልጁ ትክክል ነበር።

ረግቶ ከተገኘስ? ውሃው ከምንጩ ይዘጋል፣ ቧንቧው ይከፈታል፣ ከቧንቧው በኩል ጀምሮ ወደ ኋላ በፀጉር ማድረቂያ ቀስ እያሉ ማሞቅ ነው። እሳት አይቀርበውም። ይኸው ነው፤ ሃያ ደቂቃ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር አራት ሰው ሊገድል ነበር።

ይህን ስንነጋገር ወዳጄ በመካከል ገብቶ ለልጁ ያለውን ልንገራችሁ። "ጓድ ሲስተርም እዚሁ አልዌሮ በረዶ አበላሽቶባት ያውቃል" አለው። ልጁ ቀልድ መሰለው። ቀልድ አይደለም።

ዘመኑ የክትባት ፕሮግራም በአገራችን ከተጀመረ ብዙም ያልቆየበት ነው። መብራት የለም። ክትባቱን የምናቆየው በላምባ በሚሠራ ፍሪጅ ነው፤ ነበልባሉ ሲበዛ ከመጠን በላይ ይቀዘቅዛል፣ ሲያንስ ይሞቃል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ውስጥ መቆየት አለበት። እኔ በዚያ ሙቀት የማስበው ሙቀቱን ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት ግድቡ አካባቢ ወዳለ መንደር ስንወጣ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀውን አይስ ፓክ ከፍሪዘሩ አውጥቼ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ብልቃጥ በቀጥታ በመካከሉ ደረደርኩት። ይበልጥ ቀዘቀዘ፣ ይበልጥ ተጠበቀ ብዬ። መንደሩ ደርሰን ሴቶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ከሰፈራ ጣቢያው ድረስ በእግራቸው የመጡም ነበሩባቸው፣ ወዳጄ አንዱን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና "ጓድ ሲስተር፣ ይህ ፍርፋሪ አለው" አለኝ።

የኩፍኝና በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ቢረጋ ችግር የለበትም። የመንጋጋ ቆልፍና ያኔ ከዘጊ አናዳና ከትክትክ ጋር በአንድ ላይ የሚሰጠው ግን ሲረጋ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ይቋጠራል። ቢወጉትም ሰውየውን አይመርዘውም፣ ነገር ግን ማዳን ያለበትን አያድንም። መርማሪው ዘዴ ቀላል ነው፤ አንዱን ብልቃጥ ሆን ብሎ ማርጋትና ማሟሟት፣ ከዚያ ከተጠረጠረው ጋር እኩል በጥብጦ ጎን ለጎን ማስቀመጥ። የረጋው ፈጥኖ ይዘቅጥና ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ይሆናል። ጣቢያ ተመልሰን ሠራነው። ሁለቱም እኩል ዘቀጡ።

የዚያን ቀን ብልቃጦች አልወጋንባቸውም፤ ሴቶቹን ይቅርታ ጠይቀን መለስናቸው። የሚያንገበግበኝ ግን በዚያው ወር ቀደም ብለን ሌላ መንደር ሄደን ነበር፣ አይስ ፓኩን በዚያው ዓይነት ደርድሬ፣ ብልቃጡን ሳላይ። ሃያ ሦስት እርጉዞች ወግተን ካርድ ሰጥተን ተመልሰናል። ካርድ የያዘች እናት ልጇ በመንጋጋ ቆልፍ እንደማይሞት አምና ነው የምትሄደው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት እኔና ወዳጄ ቤት ለቤት እየዞርን አሥራ ዘጠኙን አግኝተን መልሰን ወጋናቸው። አራቱ ሰፈር ቀይረዋል ተባልን። አላገኘናቸውም። ከዚያ ወዲህ አይስ ፓክ ከፍሪዘር ሲወጣ እስኪያልበውና ስንጠውም ውስጡ ውሃው ሲንቦጫረቅ እስኪሰማ ድረስ ጠረጴዛ ላይ ሳላቆይ ክትባት አላቀረብኩበትም፤ ያስተማርኳቸውንም ሁሉ እንዲሁ። ዛሬ ያሉት ወጣት ባለሙያዎች አብዛኛው ክትባት በብርድ የሚበላሽ መሆኑን ከእኛ በተሻለ ያውቃሉ።

የደጋ አንባቢዎቼን ልረሳ ነበር። ደብረ ብርሃንና መሐል ሜዳ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ጠዋት ቧንቧ እምቢ የሚልባችሁ፣ ነገሩ ያው ነው። ጥቁሩ የፕላስቲክ መስመር መሬት ላይ ተዘርግቶ ከሆነ ቅበሩት፤ ከግድግዳ ውጭ የወጣውን ክፍል በስፖንጅ ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ላዩን በፕላስቲክ ሸፍኑት፣ ጨርቁ ከራሰ አይጠቅምምና። ከቆጣሪው በኋላ መዝጊያ ካላችሁ ማታ ዘግታችሁ ታችኛውን ቧንቧ ክፈቱና መስመሩ ይራገፍ። ጠዋት ጋዜጣ አቀጣጥሎ ቧንቧ ሥር መያዝ የተለመደ ነው አሉኝ፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ይህንንም ጋዜጣ ለዚያ አታውሉት። በመኪና ጎብኚ ይዛችሁ ሰሜን ተራሮች ወይም ባሌ ሳነቴ ላይ የምታድሩ አስጎብኚዎችም ጀሪካኑን ሞልታችሁ ጣሪያ ላይ አትተዉት፤ ለማበጫ ክፍት ቦታ ተዉለት፣ ወደ ውስጥም አስገቡት። ድንኳን ውስጥ ግን ከሰል አታስገቡ።

የወዳጄ ልጅ የተሰበረችውን ክርን ቀይሯል። ዋጋዋ ከአንድ ቡና አይበልጥም አለ፤ የራሰውን ወለል ለማስጠገን ግን ገና እየተጠየቀ ነው። ሚስቱ ካምፐሩን ሽጠው ብላዋለች። ትናንት ማታ ከመመለሴ በፊት ለአባቱ አንድ ፎቶ ላከለት። ጣሪያ ሥር የተሰቀለች ነጭ ማንቂያ ናት፣ አዲስ ባትሪ ገብቶላት ትንሽ አረንጓዴ መብራት የበራባት። ወዳጄ ስልኩን ወደ ዓይኑ አቅርቦ ብዙ አያት።

"ይህች ምንድን ናት?" አለኝ።

ነገርኩት። ስልኩን ኪሱ ከተተና "ታዲያ ዋልአይ የሚሉት አሳ ከቆሮሶ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?" ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት።

የደም ግፊቱን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት እጨርሳለሁ። መድኃኒታችሁን እስከዚያ እንዳታቋርጡ።